ግሬፕ የጽሑፍ ፋይላችሁን «ባይነሪ» ሲለው፦ ጥፋቱ የፋይሉ ነው የፋይል ሲስተሙ?

ግሬፕ በሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ ሎግ ፋይል (ፕሮግራም የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ አንድ ቃል እየፈለጋችሁ ነው። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፣ በሌስ (ፋይል ማሳያ ትእዛዝ) ከፍታችሁ አይታችሁታል፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ግሬፕ ግን መስመሮቹን አውጥቶ ማሳየት ትቶ፣ ፋይሉ ባይነሪ (ጽሑፍ ያልሆነ) እንደሆነና የፈለጋችሁት ነገር ውስጡ እንዳለ የምትናገር አንዲት መስመር ጥሎላችሁ ዝም ይላል። የባሰ የሚያናድደው ደግሞ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግሙት አንዳንዴ በትክክል መሥራቱ ነው።

አብዛኛው ሰው ጎግል ያደርጋል፣ «ዳሽ ኤ ጨምርበት» (ፋይሉን በግድ እንደ ጽሑፍ ቁጠረው ማለት ነው) የሚል መልስ ያገኛል፣ ይጨምራል፣ በቃ። እኔ ይሄን መፍትሔ ብዙም አልወደውም። ስለማይሠራ አይደለም፣ ይሠራል። ግን ያቺ መልእክት ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ልትመጣ ትችላለች። አንደኛ፣ ፋይሉ ውስጥ እውነተኛ ኑል ባይት (ዋጋው ዜሮ የሆነ ባይት) አለ። ሁለተኛ፣ በኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ሕግ) መሠረት የማይነበብ ባይት አለ። ሦስተኛ፣ ግሬፕ የፋይሉን ይዘት እስከ መጨረሻው ሳያይ ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀውን ክፍል) ጠይቆ የተሳሳተ መልስ ተሰጥቶታል። ሦስተኛውን የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። ዳሽ ኤ ሦስቱንም አንድ ላይ ያፍናቸዋል፣ ከሦስቱ አንዱ ግን ዳታችሁ እየተበላሸ መሆኑን የሚነግር ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ መለየት፣ ከዚያ ማስተካከል። ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው በሚነገሩበት መልክ ነው፣ ተርሚናል ላይ የምትመቷቸው በላቲን ፊደል ነው። «ዳሽ» አጭሯ ሰረዝ ናት፣ «ፓይፕ» ደግሞ ቀጥ ያለችው ዘንግ፣ አንዱ ትእዛዝ ያወጣውን ለቀጣዩ የምታቀብል። የማወራውም በሊኑክስ ላይ ስላለው ጂኤንዩ ግሬፕ ነው።

ግሬፕ ለምን ፋይል ሲስተሙን ይጠይቃል?

ይቺን ካልተረዳችሁ ደረጃዎቹ ትርጉም አይሰጧችሁም፣ ስለዚህ አትዝለሏት።

ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። አንድ ፕሮግራም አዲስ ፋይል ከፍቶ፣ 1 ጊጋባይት ወደፊት ዘሎ አንዲት ፊደል ቢጽፍ የፋይሉ ርዝመት 1 ጊጋባይት ተብሎ ይመዘገባል፣ ዲስኩ ላይ የሚይዘው ግን ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። ያ ያልተጻፈበት ቦታ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ለማንበብ የሞከረ ፕሮግራም ዜሮ ዜሮ ዜሮ ይቀበላል። ዜሮ ባይት ማለት ኑል ነው፣ ኑል ደግሞ በተለመደ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም።

ግሬፕ ፋይል ሲከፍት የመጀመሪያውን ቁራጭ ያነባል። በድሮዎቹ ስሪቶች 32 ኪሎባይት ነበር፣ በአዲሶቹ ጨምሯል። እዚያ ውስጥ ኑል ካገኘ ነገሩ አለቀ፣ ባይነሪ ነው። ካላገኘና ፋይሉ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቀሪውን ገና ሳያነብ ፋይል ሲስተሙን «ከዚህ በኋላ ቀዳዳ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አለ ከተባለ፣ ቀዳዳ ያለው ፋይል የግድ ኑል አለው፣ ኑል ያለው ደግሞ ባይነሪ ነው ብሎ ይደመድማል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ትልቅ ፋይል አንብቦ ከመጨረስ በአንድ ጥያቄ ይገላገላል። የሚሠራው ግን ፋይል ሲስተሙ እውነቱን እስከተናገረ ድረስ ብቻ ነው።

የመጠየቂያው መንገድም ሁለት ዓይነት ነው። በ2012 አካባቢ የወጡ የግሬፕ ስሪቶች የፋይሉን ርዝመት ዲስክ ላይ ከያዘው የብሎክ (የቦታ ቁራሽ) ብዛት ጋር ያነጻጽሩ ነበር። ብሎኩ ካነሰ ቀዳዳ አለ ማለት ነው ይሉ ነበር። ይሄ ዜድኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ በሁለት በኩል ይፈርሳል። አንደኛው ኮምፕሬሽን ነው፦ ጽሑፍ በደንብ ይጨመቃል፣ 1 ሜጋባይት ሎግ ዲስክ ላይ ከግማሽ በታች ቦታ ሊይዝ ይችላል፣ አንዲትም ቀዳዳ ሳይኖረው። ሁለተኛው ጊዜ ነው፦ ዜድኤፍኤስ የተጻፈውን ነገር ሚሞሪ ላይ ያጠራቅምና በጅምላ ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ በተለምዶ በየ5 ሰከንዱ። እስኪያወርድ ድረስ የብሎኩ ቁጥር አይስተካከልም፣ አሁን የተጻፈ ትልቅ ፋይል ምንም ቦታ ያልያዘ ይመስላል። «ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይሠራል» የሚባለው እንቆቅልሽ አንዱ ፍቺ ይሄ ነው።

አዲሱ መንገድ የተሻለ ነው። «ሲክ ሆል» የሚባል ጥያቄ አለ፣ መነሻው ሰን ማይክሮሲስተምስ ሶላሪስ ላይ ነው፣ ሊኑክስ ከርነል በ2011 በ3.1 ስሪቱ አስገባው፣ ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች መስፈርት) ደግሞ በ2024 እትሙ ተቀበለው። ግምት የለም፣ ፋይል ሲስተሙ ራሱ የቀጣዩን ቀዳዳ ቦታ ይናገራል። ድጋፉ የሌለው ፋይል ሲስተም ፋይሉን በሙሉ ዳታ ነው ብሎ ይመልሳል፣ ይሄ ለግሬፕ ምንም አይጎዳውም። ለዚህ ነው አንድ ፋይል እቤታችሁ ዲስክ ላይ «ባይነሪ» ተብሎ፣ በድሮ የኤንኤፍኤስ (ፋይልን በኔትወርክ ማጋሪያ) ስሪት በተገናኘ ሼር ላይ ግን ጽሑፍ ሊሆን የሚችለው፤ ኤንኤፍኤስ ይሄን ጥያቄ ማስተላለፍ የጀመረው በ4.2 ስሪቱ ነውና።

ጣጣው የሚመጣው ጥያቄውን የሚመልሰው ኮድ ራሱ ሲሳሳት ነው። ትልቁ ምሳሌ በኅዳር 2023 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታየው የኦፕንዜድኤፍኤስ (ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዜድኤፍኤስ) ችግር ነው። የጄንቱ ሊኑክስ ተጠቃሚዎች የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋን ሲጭኑ የተገለበጡ ፋይሎች ውስጣቸው በዜሮ ተሞልቶ አገኙት። መጀመሪያ የተጠረጠረው በ2.2.0 አዲስ የገባው ብሎክ ክሎኒንግ (ዳታውን ሳይደግም ፋይል የሚገለብጥ ባህርይ) ነበር፣ በ2.2.1 ተዘጋ፣ ችግሩ ግን አልተወገደም። ሲቆፈር ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ስህተት ሆኖ ተገኘ፦ ፋይሉ ገና እየተጻፈ ባለበት በጣም አጭር ቅጽበት «ቀዳዳ የት አለ?» ተብሎ ከተጠየቀ ዳታ ያለበትን ቦታ ቀዳዳ ነው ሊል ይችላል። በ2.2.2 እና በ2.1.14 ተስተካከለ። የኮርዩቲልስ (የሊኑክስ መሠረታዊ ትእዛዞች ስብስብ) የመገልበጫ ትእዛዝ ሲፒ ከ9.0 ስሪቱ ጀምሮ ይሄንኑ ጥያቄ ስለሚጠቀም ነው ስህተቱ ብዙ ሰው ላይ የወጣው። በዚያች ቅጽበት ግሬፕም ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ያው ነው። ልዩነቱ ግሬፕ መልእክት አውጥቶ ያልፋል፣ ሲፒ ግን ዜሮውን ፋይላችሁ ላይ ይጽፈዋል።

ከዚህ አንድ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ ደረጃዎቹን ከመጀመራችሁ በፊት ያዙት። የጠረጠራችሁትን ፋይል በሲፒ እየገለበጣችሁ አትመርምሩ፣ ዋናውንም አታጥፉ። መገልበጥ ካስፈለጋችሁ ካት በተባለችው የማንበቢያ ትእዛዝ አንብባችሁ ወደ ሌላ ፋይል አዙሩት። ካት ቀዳዳ አይጠይቅም።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን በፓይፕ አሳልፉት፣ ኑሎቹንም ቁጠሩ

ግሬፕን ፋይሉን ከመክፈት አስቀሩት። «ካት፣ የፋይሉ ስም፣ ፓይፕ፣ ግሬፕ፣ የምትፈልጉት ቃል» ብላችሁ ስጡት። ፓይፕ ርዝመትም ቀዳዳም የለውም፣ ስለዚህ ግሬፕ ፋይል ሲስተሙን መጠየቅ አይችልም፣ ባይቶቹን ራሳቸውን አይቶ ብቻ ነው የሚፈርደው። በትንሿ የግራ ቀስት ማስገባት ግን ተመሳሳይ አይደለም፣ እሱ አሁንም ፋይሉን ራሱን ነው የሚያቀብለው።

መልእክቱ ከጠፋ ፋይል ሲስተሙን መጠርጠር ጀምሩ። ግን ገና አትፍረዱ፣ ምክንያቱም ኑሉ ከፈለጋችሁት ቃል በኋላ የሚገኝ ከሆነ በፓይፕ በኩል ግሬፕ መስመሮቹን አሳይቶ ጨርሶ ሳይናገር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ቁጠሩ፦ ቲአር፣ ዳሽ ሲዲ፣ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ባክስላሽና ሦስት ዜሮ፣ የግራ ቀስት፣ የፋይሉ ስም፣ ፓይፕ፣ ደብልዩሲ ዳሽ ሲ። ይሄ ከኑል በቀር ሁሉንም ጥሎ የቀረውን ይቆጥራል።

ቁጥሩ 0 ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ኑል የለም፣ ወደ ደረጃ 2 ሂዱ። ከ0 በላይ ከሆነ ግሬፕ ትክክል ነው፣ ወደ ደረጃ 4 ዝለሉ።

ደረጃ 2፦ ግሬፕ ምን ጠይቆ ምን እንደተመለሰለት ስሙ

ኤስትሬስ (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቀውን የሚያሳይ መሣሪያ) ካልተጫነ ጫኑት፣ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ በአፕት ይገኛል። ከዚያ ኤስትሬስ፣ ዳሽ ኢ፣ ትሬስ እኩል ይሆናል ኤልሲክ፣ ቀጥሎ የግሬፕ ትእዛዛችሁን እንዳለ። ዳሽ ኤ እንዳትጨምሩ፣ ከጨመራችሁ ግሬፕ ቼኩን ይተወዋል።

በሚወጣው ነገር ውስጥ «ሲክ ሆል» የሚል መስመር ፈልጉ። ከእኩል ይሆናል ምልክቱ በኋላ ያለው ቁጥር ፋይል ሲስተሙ ያመለከተው የቀዳዳ ቦታ ነው። ያንን ከፋይሉ ርዝመት ጋር አስተያዩ። እኩል ከሆኑ ቀዳዳ የለም ማለት ነው፣ የፋይል መጨረሻ ሁልጊዜ እንደ ቀዳዳ ይቆጠራልና። ቁጥሩ ከርዝመቱ ካነሰ ግን «እዚህ ቦታ ቀዳዳ አለ» ተብሏል። መስመሩ ጭራሹን ከሌለ ወይ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ወይ የመጀመሪያው ቁራጭ ውስጥ ግሬፕ የሚፈልገውን አግኝቷል፣ ወይ ደግሞ ስሪታችሁ የድሮው በብሎክ የሚገምተው ነው።

ቀዳዳ ተብሎ የተጠቆመው ቦታ ላይ ምን እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። ቴይል ዳሽ ሲ ብላችሁ፣ የመደመር ምልክትና ከቦታው ቁጥር አንድ የሚበልጥ ቁጥር፣ የፋይሉ ስም፣ ከዚያ በፓይፕ ወደ ሄድ ዳሽ ሲ 64፣ ከዚያ በፓይፕ ወደ ኦዲ ዳሽ ሲ። ባክስላሽ ዜሮ ተደርድሮ ካያችሁ ቀዳዳው እውነት ነው። ፊደላት ካያችሁ ፋይል ሲስተሙ ዋሽቷል። ይሄን ውጤት በፋይል ያዙት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 3፦ ሲንክ፣ ድጋሚ፣ ስሪት

«ሲንክ» የምትለዋን ትእዛዝ ስጡ፣ ጥቂት ሰከንድ ታገሡ፣ ያንኑ ግሬፕ ድገሙ። መልእክቱ ከጠፋ የገጠማችሁ ገና ወደ ዲስክ ያልወረደ ፋይል ነው።

ቀጥሎ አራት ነገር እወቁ። ዲኤፍ ዳሽ ትልቋ ቲ ፋይሉ በየትኛው ፋይል ሲስተም ላይ እንዳለ ትነግራችኋለች። ግሬፕ ዳሽ ትልቋ ቪ ስሪቱን፣ ዩኔም ዳሽ አር ከርነሉን፣ ዜድኤፍኤስ ከሆነ ደግሞ ዜድኤፍኤስ ቨርዥን ማለት የእሱን። ከ2.2.2 ወይም ከ2.1.14 በታች ያለ ኦፕንዜድኤፍኤስ ላይ ከሆናችሁ ሌላ ምርመራ ሳትጨምሩ አሳድጉት። በወቅቱ አንድ የሞጁል ቅንብር ወደ ዜሮ መቀየር እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ ይነገር ነበር፣ እሱ ግን ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ አይዘጋውም።

የግሬፑ ስሪት ያረጀ ከሆነና ፋይል ሲስተሙ ላይ ችግር ካልታየ ግሬፕን ብቻ ማሳደግ ይበቃል። ማሳደግ የማትችሉበት ሰርቨር ከሆነ ካትና ፓይፕ ያስተነፍሷችኋል፣ እዚህ ጋ ዳሽ ኤ መጠቀምም ነውር የለውም፣ ምክንያቱን አውቃችሁታላ።

ሁለተኛ ምስክር ከፈለጋችሁ ሪፕግሬፕ የሚባል ሌላ የፍለጋ ፕሮግራም አለ። እሱ ፋይል ሲስተሙን አይጠይቅም፣ ኑል ባይት ሲያይ ብቻ ነው ባይነሪ የሚለው። የጊት (የኮድ ስሪት መያዣ) ልማድም ቀላል ነው፦ የፋይሉን የመጀመሪያ 8000 ባይት ያያል፣ ኑል ካለ ባይነሪ፣ ከሌለ ጽሑፍ። ሁለቱ ጽሑፍ ነው ብለው ግሬፕ ብቻውን ከተከራከረ ነገሩ ወደ ፋይል ሲስተሙ ወይም ወደ ኢንኮዲንጉ ያዘነብላል።

ደረጃ 4፦ ኑሉ እውነተኛ ከሆነ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ነው ጊዜ መስጠት ያለባችሁ፣ በተግባር ብዙ ሰው የሚያጋጥመው ይሄ ነውና።

በጣም የተለመደው ሎግ መቁረጥ ነው። አንድ ፕሮግራም ውጤቱን በአንድ የቀኝ ቀስት ወደ ሎግ ፋይል እያዞረ ይሠራል እንበል። ሎጉ 400 ሜጋባይት ደርሷል። ሎግ ሲበዛ የሚቆርጠው ሎግሮቴት የተባለ ፕሮግራም «ኮፒትራንኬት» በሚለው አማራጭ ይመጣና ፋይሉን ገልብጦ ዋናውን ወደ ዜሮ ያሳጥረዋል። ፕሮግራሙ ግን ይሄን አያውቅም፣ የት እንደደረሰ የሚያስታውስበት የራሱ ምልክት አሁንም 400 ሜጋባይት ላይ ነው። ቀጣዩን መስመር እዚያው ቦታ ላይ ይጽፋል። ከፊቱ ያለው 400 ሜጋባይት በሙሉ ቀዳዳ ይሆናል። ኤልኤስ ዳሽ ኤል 400 ሜጋባይት ይላል፣ ዲዩ ጥቂት ኪሎባይት ይላል፣ ግሬፕ ባይነሪ ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

መፍትሔው ፕሮግራሙን በሁለት የቀኝ ቀስት ማስነሳት ነው። ያኔ እያንዳንዱ መስመር የፋይሉ መጨረሻ የትም ይሁን የት እዚያ ይጻፋል፣ ፋይሉ ሲያጥር ምልክቱም አብሮ ይመለሳል። ፕሮግራሙ ራሱ ሎጉን የሚከፍት ከሆነ በአፔንድ ሞድ እንዲከፍት ኮዱን አስተካክሉ። ከዚያም የተሻለው ኮፒትራንኬትን ትቶ ፕሮግራሙ ሎጉን እንደገና እንዲከፍት ሲግናል መላክ ነው። የተበላሸውን ሎግ ለማጽዳት ቲአር ዳሽ ዲ ከዚያው ባክስላሽና ሦስት ዜሮ ጋር ተጠቀሙ፣ ውጤቱን ወደ አዲስ ፋይል አዙሩት። ወደዚያው ፋይል መልሳችሁ ካዞራችሁት ሼሉ ገና ሳይነበብ ባዶ ያደርገዋል፣ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው ምንጭ መብራት ነው። ዩፒኤስ የሌለው ወይም ባትሪው የሞተበት ሰርቨር በድንገት ሲጠፋ ፋይል ሲስተሙ የፋይሉን አዲስ ርዝመት መዝግቦ ዳታውን ግን ዲስክ ላይ ሳያደርስ ሊቀር ይችላል። ማሽኑ ሲነሳ ሎጉ መሃል ላይ የኑል ክምር ይገኛል። ኤክስኤፍኤስ በዚህ ድሮ ስሙ ይነሳ ነበር፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ይሄን የምታውቁት ከክምሩ በፊትና በኋላ ያሉትን መስመሮች ሰዓት በማየት ነው፦ ከፊቱ መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ ከኋላው ማሽኑ የተነሳበት። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ቢሮ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ከሆነ ይሄን መጀመሪያ ጠርጥሩ። እዚህ ላይ በቲአር ማጽዳት ግሬፕን ያስደስተዋል እንጂ የጠፉትን መስመሮች አይመልስም፣ እንዲያውም መስመር መጥፋቱን የሚያሳየውን ብቸኛ ማስረጃ ነው የሚያጠፋው። ዋናውን ፋይል አስቀምጡ፣ የምታጸዱት ቅጂውን ይሁን። ያው ማሽን ላይ ዳታቤዝ ካለ ደግሞ እሱንም ፈትሹ፣ ሎግ ላይ የደረሰ እዚያም ሊደርስ ይችላል።

አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ ለፍጥነት ብለው የፋይሉን ቦታ አስቀድመው ይይዛሉ። ያልደረሱበት ጭራ ዜሮ ነው። ይሄ ጤነኛ ነገር ነው፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ይቆረጣል።

ሦስተኛው ዩቲኤፍ-16 ነው። ዊንዶውስ ላይ በድሮው ኖትፓድ «ዩኒኮድ» በሚለው ምርጫ የተቀመጠ የጽሑፍ ፋይል ዩቲኤፍ-16 ነው። በዚህ ኢንኮዲንግ እያንዳንዱ ፊደላችን ሁለት ባይት ነው። የሚገርመው አብዛኛው የግእዝ ፊደል ኑል የለውም፤ «ሀ» እና «ጀ» ግን ቁጥራቸው 1200 እና 1300 በሄክስ ስለሆነ አንዱ ባይታቸው ዜሮ ነው። እነሱ ባይኖሩ እንኳ ክፍተቱና የመስመር መጨረሻው ኑል ይዘው ይመጣሉ። እዚህ ጋ ዳሽ ኤ ምንም አይፈይድም፣ ምክንያቱም እናንተ የምትጽፉት ቃል ዩቲኤፍ-8 ነው፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ሌላ የባይት ሰልፍ ነው፣ አይገናኙም። ጭራሽ መልእክትም አይመጣም፣ ባዶ መልስ ብቻ። በኢንኮዲንግ መቀየሪያው ትእዛዝ፣ አይኮንቭ ዳሽ ኤፍ ዩቲኤፍ-16 ዳሽ ቲ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ቀይሩት። ሪፕግሬፕ ፋይሉ መነሻ ላይ ኢንኮዲንጉን የሚናገረው ምልክት ካለ ራሱ ቀይሮ ይፈልጋል። ጊት ላይ የግድ በዩቲኤፍ-16 መቆየት ያለበት ፋይል ካላችሁ ከ2.18 ስሪት ጀምሮ በአትሪቢዩት ፋይሉ ውስጥ ኢንኮዲንጉን መንገር ይቻላል።

ደረጃ 5፦ ኑል ከሌለ፣ ቀዳዳም ከሌለ፣ ኢንኮዲንግ ነው

የፈለጋችሁት በዩቲኤፍ-8 ሎኬል (የሲስተሙ የቋንቋና የኢንኮዲንግ ቅንብር) ውስጥ ሆናችሁ ከሆነ የተበላሹትን መስመሮች ለማውጣት አንዲት ቆንጆ ትእዛዝ አለች፦ ግሬፕ፣ ዳሽ ኤንኤኤክስቪ፣ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ነጥብና ኮከብ፣ የፋይሉ ስም። «ከጫፍ እስከ ጫፍ በትክክለኛ ፊደል ያልተሠራውን መስመር ከነቁጥሩ አምጣ» ማለት ነው። ምንም ካልመጣ ኢንኮዲንጉ ንጹሕ ነው።

አማርኛ የሚጽፍ ሲስተም ላይ ይሄ ችግር ከእንግሊዝኛው በላይ ይታያል፣ ምክንያቱም የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት ነው የሚይዘው። መልእክቱን በ1024 ባይት ላይ የሚቆርጥ ፕሮግራም አስቡ። 1024 ለ3 አይካፈልም፤ ክፍተት የሌለው የፊደል ሰልፍ ከሆነ 341 ፊደል ገብቶ አንድ ባይት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያ ግማሽ ፊደል ነው ግሬፕን የሚያስቆጣው። በ2014 በወጣው 2.21 ስሪት እንዲህ ዓይነት ስህተት ምንም ነገር ከማሳየቱ በፊት ከተገኘ ፋይሉ በሙሉ ባይነሪ ይባል ነበር። በ2016 በ2.23 ለዘብ አለ፣ አሁን የሚታፈነው የተበላሸው መስመር ራሱ ሲሆን ነው። መፍትሔው ግሬፕ ላይ አይደለም፣ ቆራጩ ፕሮግራም በባይት ሳይሆን በፊደል እንዲቆርጥ ማድረግ ነው።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ጽሑፎችም እዚህ ይወድቃሉ። እነሱን አይኮንቭ አያውቃቸውም፣ ለየፎንቱ የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ኤልሲ ኦል እኩል ይሆናል ሲ ብሎ ግሬፕን ማስኬድም አለ። ከ2.23 ወዲህ በዚህ ሎኬል ሁሉም ባይት ተቀባይነት አለው፣ የኢንኮዲንግ ቅሬታ አይኖርም፣ ፍጥነቱም ጥሩ ነው። ግን ነጥብ አንድ ፊደል መሆኗ ቀርቶ አንድ ባይት ትሆናለች፣ በካሬ ቅንፍ «ሀ ወይም ሁ» ማለትም አይሠራም። ቀጥተኛ ቃል ለመፈለግ ብቻ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 6፦ ስክሪፕቶቻችሁን ፈትሹ

ተርሚናል ላይ ያለ ሰው መልእክቱን ያያል። ሌሊት በክሮን (ትእዛዝን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚሄድ ስክሪፕት ግን አያይም። ከግሬፕ 3.5 ጀምሮ፣ ከ2020 ማለት ነው፣ መልእክቱ የሚወጣው ከተራው ውጤት ተለይቶ በስህተት መውጫው (ስታንዳርድ ኤረር) በኩል ነው፣ አባባሉም ተቀይሯል። ስክሪፕታችሁ ስህተቶችን ወደ ዴቭ ነል (የተላከበትን ሁሉ ወደሚያጠፋው ቦታ) የሚጥል ከሆነ ግሬፕ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ያገኘውን ጥቂት መስመር ሰጥቶ፣ «አግኝቻለሁ» የሚል የመውጫ ኮድ መልሶ ይሄዳል። ማንም አይሰማም። የድሮውን አባባል ከውጤቱ ውስጥ ይፈልጉ የነበሩ ስክሪፕቶችም ከዚያ ወዲህ አይሠሩም።

ፈጣን መፈተሻ ይኸው፦ ያንኑ ፍለጋ አንዴ በዳሽ ሲ አስቆጥሩት፣ አንዴ ደግሞ መስመሮቹን አውጥታችሁ በደብልዩሲ ዳሽ ኤል ቁጠሩ። ዳሽ ሲ ባይነሪ ባለው ፋይል ላይም እስከ መጨረሻው ይቆጥራል። ሁለቱ በሰፊው ከተለያዩ ስክሪፕታችሁ መስመር እየጣለ ነው።

ባሽአርሲ ፋይላችሁ (የሼላችሁ ቅንብር) ውስጥ ለግሬፕ የተቀመጠ አቋራጭ ካለ እዩት። ትልቋ ዳሽ አይ ካለችበት ባይነሪ የተባለውን ሁሉ ሳይናገር ይዘላል፣ ኮድ ውስጥ ለመፈለግ ግሩም ናት፣ ለሎግ ግን አደገኛ ናት፣ ከአቋራጩ አውጧት። «ዳሽ ኤ»ን ለሁሉም ነገር ቋሚ ማድረግም አልመክርም። እውነተኛ ባይነሪ ላይ ስትወድቁ ተርሚናላችሁን የሚያበላሹ የቁጥጥር ምልክቶች ይለቀቁባችኋል። አንዳንዶች ለዚያ ብለው በካት ዳሽ ቪ ያሳልፉታል፣ አማርኛ ላይ ግን አትሞክሩት፣ ፊደሉን በሙሉ የማይነበብ ኮተት ያደርገዋል። ወደ ሌስ ማሳለፍ ይሻላል።

ፋይል ሲስተሙ መዋሸቱን ካረጋገጣችሁ

ደረጃ 2 ላይ ቀዳዳ በተባለው ቦታ ፊደላት ካያችሁ፣ ሲንክ ካደረጋችሁ በኋላም ካልተስተካከለ ወይም በአዲስ ስሪት ላይ ሆናችሁ ከደረሰባችሁ ለፋይል ሲስተሙ አዘጋጆች ሪፖርት ማድረግ ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን ያንን ፋይል ሲስተም የሚነካ ባክአፕ በሲፒ የሚሄድ ከሆነ አስቁሙት፣ ካለፉት ቅጂዎችም ጥቂቱን ከዋናው ጋር በቼክሰም አስተያዩ።

ሪፖርቱ ውስጥ የከርነሉን፣ የፋይል ሲስተሙንና የግሬፑን ስሪት አስገቡ። የኤስትሬሱን የሲክ ሆል መስመር ከነቁጥሩ፣ የፋይሉን ርዝመት፣ የኦዲውን ውጤት፣ ኮምፕሬሽን በርቶ እንደሆነና ፋይሉ በተጠየቀበት ሰዓት ሌላ ፕሮግራም እየጻፈበት እንደነበር ጨምሩ። ሎጉን ራሱን አታያይዙት፣ የደንበኛ ስም ወይም የይለፍ ቃል ውስጡ ሊኖር ይችላል። ችግሩን በሙከራ ፋይል ደጋግሞ የሚያመጣ አጭር ስክሪፕት መጻፍ ከቻላችሁ እሱን ላኩ።